በሰባተኛው ረድፍ ላይ የጻፍኩት ዜሮ

«እኔ በታመምኩበት ሳምንት ለእኛ ወረዳ ስንት ብለህ ነው የጻፍከው?»

ጥያቄው በስልክ ነው የመጣው። የጠየቁኝ ሲስተር ገና በደንብ አላገገሙም ነበር፤ ሁለት ሦስት ቃል ይናገሩና ትንፋሽ ለመሰብሰብ ዝም ይላሉ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ትተውት የሄዱት ሥራ እንዴት እንደሰነበተ ለማወቅ ያህል፣ በቀና ልብ ነው የጠየቁኝ። መልሱ አፌ ላይ ቀረ። የጻፍኩት ዜሮ ነበር፤ ያውም አራት ቀን በተከታታይ።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ኮሮና ከሰው ወሬ ወጥቷል፤ ጭምብሎቹም የት እንደገቡ የሚያስታውስ የለም። እኔ ግን ባዶ ሳጥን ያለበት ሠንጠረዥ በከፈትኩ ቁጥር ያቺ ጥያቄ ትመለስብኛለች። ልጽፋት ብዬ ጀምሬ የተውኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ ታሪኩ ትንሽ ስለሚመስል። ቁጥር አልሰረቅኩም፤ ሆን ብዬም አልደበቅኩም። አንዲት አኃዝ ነው የጻፍኩት።

ሥራዬ ከ31 ወረዳዎች የሚመጣውን የዕለት ሪፖርት መቀበል ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ መልእክቶች ይገባሉ፤ አንዳንዱ በቴሌግራም፣ አንዳንዱ በአጭር ጽሑፍ፣ ኔትወርክ የማይደርስበት ደግሞ ማታ በስልክ። ቁጥሮቹን አስገባለሁ፣ እደምራለሁ፣ ካርታውን ቀለም ቀብቼ ለአለቆቼ እልካለሁ። ሐኪም አይደለሁም። በሽታውን የማውቀው በረድፍና በዓምድ ብቻ ነው። የሲስተር ወረዳ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ነበረች።

ስሙን የሰጠው ሁለተኛው ነው

እ.ኤ.አ. የ1918ቱን ኢንፍሉዌንዛ እኛ «የኅዳር በሽታ» እንለዋለን። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ምን እንደያዘ ያስተዋልኩት በዚያ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። በሽታው በዓለም ላይ በስፋት መታየት የጀመረው በዚያ ዓመት በማርችና በኤፕሪል ነበር። ያ የመጀመሪያው ዙር ብዙ ሰው አልጋ ላይ ጣለ እንጂ እንደ ኋለኛው አልገደለም። ኦገስት ላይ ግን በፍሪታውን፣ በብሬስትና በቦስተን ወደቦች በአንድ ወር ውስጥ እጅግ ብርቱ ሆኖ ተነሳ፤ ዓለምን ያረገፈውም ያ ነው። አማርኛ ተናጋሪው በሽታውን በሚያዝያ አልሰየመውም። የሰየመው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። ስሙ ራሱ የሁለተኛው ማዕበል ስም ነው ማለት ነው።

ይህን ካስተዋልኩ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው የሚለየው ቫይረሱ ብቻ ነው? ቫይረሱ መለወጡ እውነት ነው። ግን የሚያየውም ዓይን ይለወጣል። በመጀመሪያው ማዕበል ሁሉም ሰው ይጠብቃል፤ አንድ ሰው ካሳለ አሥር ሰው ይደውላል። ያ ሲያልፍ በጊዜያዊነት የተመደቡት ወደ መደበኛ ሥራቸው ይመለሳሉ፣ ነጻ የስልክ መስመሮች ይዘጋሉ፣ የየዕለቱ ስብሰባ የሳምንት ይሆናል። እኛም ቤት እንዲሁ ሆነ። ንክኪ የሚለዩት ቡድኖች ከዘጠኝ ወደ ሁለት ወረዱ። ማንም በክፋት አላደረገውም። ሰው ደክሞት ነበር፤ እኔም ደክሞኝ ነበር።

ድካም ራሱን «አልፏል» በሚል ማስረጃ ይሸፍናል። በብራዚሏ ማናውስ ከተማ የሆነውን በሰማሁ ጊዜ ያሰብኩት ይህንን ነው። ተመራማሪዎች ከደም ለጋሾች ናሙና ተነስተው እስከ ኦክቶበር 2020 ድረስ ከነዋሪው 76 በመቶ የሚሆነው በቫይረሱ ተይዞ እንደነበር ገመቱ። ያን ያህል ሰው ከተያዘ ሌላ ትልቅ ማዕበል ሊመጣ አይገባም ነበር። በጃንዋሪ 2021 አጋማሽ የከተማዋ ሆስፒታሎች ኦክስጅን አለቀባቸው። በኋላ ጋማ የተባለው አዲስ ዝርያ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ግምቱም የተነሳው ደም ለመለገስ ከመጡት ሰዎች ነው፤ ያልመጡትስ? ይህችን «ያልመጡትስ» የምትለውን ጥያቄ እኔም ከብዙ ወራት በፊት በራሴ ሠንጠረዥ ላይ መጠየቅ ነበረብኝ።

ድምሩ ሲያስተኛ

የሁለተኛው ማዕበል መጀመሪያ በድምር ላይ አይታይም። ይህን አሁን በእርግጠኝነት እናገራለሁ፤ ያኔ ግን አላውቅም ነበር። በእኛ ሠንጠረዥ ትልቁን ቁጥር የሚያመጡት ሁለት ከተማ ቀመስ ወረዳዎች ነበሩ። የእነሱ ቁጥር ወደ ታች እየሄደ ነበር። የእነሱ ቁልቁለት የሌሎቹን ትንንሽ ዳገት ዋጠው። ከሃያ ወደ አሥራ አምስት የወረደ ወረዳና ከአንድ ወደ አራት የወጣ ወረዳ ሲደመሩ መልሱ «ቀንሷል» ይላል። የሚያስፈራው ግን ሁለተኛው ነው፤ በአንድ ሳምንት አራት እጥፍ ሆኗል።

ሕንድን ያስታውሳሉ? በፌብሯሪ 2021 መጀመሪያ ላይ በዚያ ትልቅ አገር በቀን የሚመዘገበው ወደ 10,000 አካባቢ ወርዶ ነበር፤ ብዙ ሰውም ነገሩ አበቃ ብሎ ያምን ነበር። በዚያው ወር ግን በማሃራሽትራ ግዛት የአምራቫቲ ወረዳ ቁጥሩ ሽቅብ እየወጣ ስለነበር ወሩ ሳያልቅ እንቅስቃሴ ታገደ። በአገር ደረጃ የተሳለው መስመር ላይ ይህ በጭንቅ የሚታይ ጉብታ ነበር። በሜይ መጀመሪያ በአንድ ቀን የተመዘገበው ከ400,000 አለፈ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ድምሩን ትቶ ረድፎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ማታ ለደከመ ሰው አሰልቺ ሥራ ነው። እኔ ከታች ያለውን ድምር አነብ ነበር።

ሌላም የሚያስተኛ ነገር አለ። ሰው በቫይረሱ ተይዞ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ አምስት ቀን ያህል ይፈጃል። ከዚያ «ጉንፋን ነው» ብሎ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ናሙና ይሰጣል፣ ናሙናው መኪና ይጠብቃል፣ ላብራቶሪ ይሰለፋል፣ ውጤቱ ለወረዳው ይነገራል፣ ወረዳው ለእኔ ይልካል። ዛሬ ማታ የጻፍኩት ቁጥር የዛሬ ሁለት ሳምንት አካባቢ የሆነ ነገር ወሬ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ውጤቶቹን ናሙናው በተወሰደበት ቀን ስትደረድራቸው ደግሞ የመጨረሻዎቹ ቀናት ሁልጊዜ ዝቅ ብለው ይታያሉ፤ ገና ያልደረሱ ውጤቶች ስላሉ። በሽታው እየጨመረም ቢሆን የመስመሩ ጫፍ ወደ ታች ያጋደለ ነው። ለወራት ያህል በየምሽቱ «የመቀነስ አዝማሚያ ይታያል» ብዬ ጽፌያለሁ። የማየውን ነበር የጻፍኩት። የማየው ግን ያልተሟላ ነበር።

አራቱ ቀናት

ወደ ሰባተኛው ረድፍ ልመለስ።

በመጀመሪያው ቀን ሲስተር መልእክት ልከው ነበር። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ዛሬ ናሙና አልተላከም። መኪናው ተበላሽቷል።» አነበብኩት። ሰዓቱ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት እየተጠጋ ነው፣ ሠላሳው ወረዳ ገብቷል፣ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ናሙና ካልተላከ የተመረመረ የለም፤ የተመረመረ ከሌለ በቫይረሱ የተያዘ የለም፤ የተያዘ ከሌለ ዜሮ ነው። ይህ ሐሳብ በአእምሮዬ ውስጥ ያለፈው ምናልባት በሁለት ሰኮንድ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ እውነት ይመስላል። ስህተቱ «የታወቀ የለም» በሚለውና «የተያዘ የለም» በሚለው መካከል ተደብቋል፤ እኔም ዘልዬው አለፍኩ።

አንድ ሌላ ነገርም ገፍቶኛል። ባዶ ሳጥን ካለ ሠንጠረዡ በቀይ «ያልተሟላ» ይላል። የበሽታ ቅኝት ሥራ የሚለካው በሪፖርት ምሉዕነትና ወቅታዊነት ነው፤ የተለመደው ግብ 80 በመቶ ነው። የእኛ ክፍል ለሳምንታት 100 በመቶ ነበር፤ በዚህም ተመስግነናል። ያቺ ዜሮ ስትገባ ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ። ሪፖርቱም «ተሟላ»።

በሁለተኛው ቀን መልእክት አልመጣም። አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሥራ ይዘው ይሆናል አልኩ። ዜሮ። በሦስተኛው ቀን አልደወልኩም። ዜሮ። በአራተኛው ቀን፣ ለመጻፍ የሚከብደኝ ይህ ነው፣ ቁጥሩን በጣቴ እንኳ አልጻፍኩትም፤ የትናንቱን ሳጥን ወደ ቀጣዩ ጎተትኩት።

በአምስተኛው ቀን ከማላውቀው ስልክ መልእክት መጣ። የሲስተርን ሥራ ለጊዜው የያዘ ልጅ ነው። «2 ሰው ተገኝቶበታል» ይላል። ሁለት ብቻ በመሆኑ ደስ አለኝ። ስንት ሰው መርምረው ሁለት እንዳገኙ የጠየቅኩት ከብዙ ቀን በኋላ ነው። አምስት ሰው ነበር የመረመሩት። ከአምስት ሁለት ማለት 40 በመቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2020 ባወጣው መመዘኛ ወረርሽኙ በቁጥጥር ሥር ነው ለማለት ከተመረመሩት መካከል ቫይረሱ የሚገኝባቸው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ከ5 በመቶ በታች መሆን ነበረባቸው። ይህን መመዘኛ ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ግድግዳችን ላይ ተለጥፎ ነበር። ሆኖም በእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ «የተመረመሩ» የሚለው ዓምድ ለወረዳ አልነበረም፤ ለድምሩ ብቻ ነበር።

ከዚያ ደግሞ አራቱ ዜሮዎች ሥራቸውን ቀጠሉ። ማስጠንቀቂያ የምንሰጠው በሰባት ቀን አማካይ ነበር። በሰባት ቀን አማካይ ውስጥ የገባች አንዲት የውሸት ዜሮ ሰባት ቀን ትኖራለች። አዲሱ ልጅ 2፣ 3፣ 5 እያለ ሲልክልኝ ዜሮዎቼ ወደ ታች ይጎትቱት ነበር። ወረዳዋ ቢጫ መሆን ሲገባት አረንጓዴ ሆና ከረመች።

ቀዩ ቀለም የወጣው ሌላ ቦታ ነው። ሆስፒታል ያለባት የጎረቤቷ ወረዳ ቁጥር በአንድ ጊዜ ተነሳ። ከሁለቱ ንክኪ ለይ ቡድኖቻችን አንዱን ወደዚያ ላክን። ቡድኑ ብዙ ቀን ሲዞር የሚያገኘው ነገር ግራ አጋባው፤ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች በአካባቢው የሉም፣ ጎረቤት የላቸውም፣ ያረፉበት ቤት የለም። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ታማሚው የሚመዘገበው በታከመበት ወረዳ እንጂ በሚኖርበት አልነበረም። ከመጀመሪያዬ ዜሮ በኋላ በአሥራ ሦስተኛው ቀን የቡድኑ መሪ ደውሎ «አድራሻቸውን ጠየቅን እኮ» አለኝ፤ «አብዛኞቹ ከሰባተኛዋ ናቸው።»

ያኔ ሠንጠረዡን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። 0፣ 0፣ 0፣ 0። ከሁሉም ረድፎች ንጹሑ እሱ ነበር።

ሲስተር ያሉኝ

ሲስተር የደወሉት ከዚህ በኋላ በሳምንቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን መልእክቱን ሲልኩልኝ ትኩሳት ጀምሯቸው ነበር። ሁለተኛው ቀን ላይ ስልኩ ሲጠራ ይሰሙታል፤ ለማንሳት ግን እጃቸው አልታዘዘላቸውም። ልጃቸው ወደ ለይቶ ማከሚያ ወሰደቻቸው። በወረዳዋ ቤት ለቤት የሚዞሩት፣ የታመመ ሲሰሙ መጀመሪያ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ከሁሉ ቀድሞ ማን ሊታመም ኖሯል?

ጥያቄያቸውን ሲደግሙት «ዜሮ ብዬ ነው፣ ሲስተር» አልኳቸው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ይሁን እያዘኑ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ዜሮማ የሥራ ውጤት ነው፣ ልጄ። እኔ ዜሮ ብዬ ስልክላችሁ ዞሬ፣ ጠይቄ፣ መርምሬ ሳጣ ነው። በዚያ ሳምንት እኮ ማንም አልዞረም።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ግዴለም፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉኝ። ይህንን ማለታቸው አሁንም ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ማድረግ የምችለው ነገር ነበር። ሳጥኑን ባዶ መተው እችል ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ መደወል እችል ነበር። የሌላ ሰው ስልክ ፈልጌ «ሲስተር ደህና ናቸው?» ማለት እችል ነበር። ያቺ አንዲት ጥያቄ ብቻ የጎደለውን መረጃ ሁሉ ታመጣልኝ ነበር፤ በወረዳዋ ውስጥ ብዙ ታማሚ የሚያገኙት ሰው ራሳቸው መታመማቸው ከየትኛውም የላብራቶሪ ውጤት ቀድሞ የደረሰ ምልክት ነበርና። ዝምታቸው ሪፖርት ነበር። እኔ አላነበብኩትም።

እሳቸው ያሉት ነገር በሙያው ውስጥ የቆየ ስም አለው፤ «ዜሮ ሪፖርት» ይባላል። ታማሚ ባይኖርም «ፈልጌ አላገኘሁም» ብሎ የሚላክ ሪፖርት ነው። ቃሉን ሁሌም እጠቀምበት ነበር። ትርጉሙን ግን የገለጡልኝ ሲስተር ናቸው። ዜሮ ሪፖርት የሚላክ ነገር ነው፤ የሚሞላ ነገር አይደለም። ላኪ ከሌለ ዜሮ የለም።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ፈንጣጣን ለማጥፋት በተደረገው ዘመቻ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1973 በሕንድ ቤት ለቤት ፍለጋ ሲጀመር ማንም ያላወቃቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎች ተገኙ። በሽታው በዚያ ሳምንት አልጨመረም፤ የጨመረው ፈላጊው ነው። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ግዛት ከከባድ ሁለተኛ ማዕበል በኋላ ኦክቶበር 26 ቀን 2020 አዲስ ታማሚ 0፣ ሞት 0 ብሎ ሲያሳውቅ በዚያች ዜሮ ሥር በሺዎች የሚቆጠር ምርመራ ነበር። የእኔም ዜሮ ስትታይ ከዚያችኛዋ አትለይም። ሁለቱም ክብ ናቸው። በአንዷ ሥር የብዙ ሰው ድካም አለ፤ በሌላዋ ሥር ምንም የለም።

በእንግሊዝም ሁለተኛው ማዕበል ሲጀምር ከሴፕቴምበር 25 እስከ ኦክቶበር 2 ቀን 2020 ድረስ 15,841 በቫይረሱ የተያዙ ሰዎች ከዕለታዊው ቁጥር ወጥተው ቀርተው ነበር፤ ያረጀው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይቀበል። ይህን ዜና ያነበብኩት ከራሴ ጉዳይ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ተገርሞበታል፤ እኔ ግን አልገረመኝም። ሠንጠረዥ ሲጎድልበት ድምፅ የለውም። የጎደለውን የሚያውቀው በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ብቻ ነው።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የሁለተኛው ማዕበል ቀዳሚ ምልክት የታየው በምሥራቅ ኬፕ፣ በኔልሰን ማንዴላ ቤይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ጋርደን ሩት ወረዳ ተሻገረ። በኋላ ቤታ የተባለው ዝርያ ይፋ የሆነው ዲሴምበር 18 ቀን 2020 ነው። በዚያ አገር የሕክምና ምርምር ምክር ቤቱ በየሳምንቱ ከተለመደው በላይ ስንት ሰው እንደሞተ ይቆጥር ነበር። ቁጥሩ በኮቪድ ሞቱ ተብለው ከተመዘገቡት እጅግ ይበልጥ ነበር፤ በምሥራቅ ኬፕ ልዩነቱ ሰፊ ነበር። እንዲህ ያለ ሁለተኛ ምስክር እንዲኖር ሁልጊዜ እመኛለሁ። ምርመራው ያላየውን ሌላ መዝገብ ሊያየው ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ግን ደብቆ ሳይሆን ሳይታወቀው የሸፈነስ?

ግራጫው ቀለም

ሠንጠረዡን ለመቀየር ሦስት ስብሰባ ፈጀብኝ። የጠየቅኩት ሦስት ነገር ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ወረዳ «የተመረመሩ» የሚል ዓምድ ይኑር። ታማሚው በሚኖርበት ወረዳ ይመዝገብ። ሪፖርት ያልመጣበት ሳጥን ባዶ ይቀመጥ፣ በካርታው ላይም ግራጫ ይቀባ።

ሁለቱ ቶሎ ተቀባይነት አገኙ። ያጨቃጨቀው ግራጫው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ካርታው ላይ ዘጠኝ ወረዳ ግራጫ ሆነ፤ ምሉዕነታችን ከ100 ወደ 71 በመቶ ወረደ። «ይህን እንዴት ለላይ እንልካለን?» ተባልኩ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም። አረንጓዴ ካርታ የሚልክ ክፍል ሥራውን የሠራ ይመስላል፤ ግራጫ የሚልክ ደግሞ ያልሠራ። ከዚያ ሳምንት በፊት ግን እነዚያ ዘጠኝ ወረዳዎች ምን ቀለም ነበሩ? አረንጓዴ ነበሩ። ዜሮ የምሞላው እኔ ብቻ አልነበርኩም ማለት ነው፤ ወረዳዎቹም ራሳቸው ይሞሉ ነበር፤ ባዶ ላክሽ፣ ባዶ ላክህ ተብለው እንዳይወቀሱ። እኛው ነን ያስተማርናቸው። ባዶን በቀይ እየወቀስን ዜሮን በአረንጓዴ ስናመሰግን ሌላ ምን ይማራሉ?

ከዚያ ወዲህ የምደውልበትን ቅደም ተከተል ለወጥኩ። ቀድሞ መጀመሪያ የምደውለው ከፍተኛ ቁጥር ወዳለው ወረዳ ነበር። አሁን መጀመሪያ ዝም ወዳለው እደውላለሁ። ስልኩ ሲነሳም ቁጥር አልጠይቅም፤ «እርስዎ ደህና ነዎት? ቡድኑ ሁሉ አለ?» እላለሁ። አንዳንዱ ይገረማል። አንድ ሽማግሌ ጤና መኮንን «ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውሉ ደህንነቴን የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። በዚያው ጥሪ ሦስት ባልደረቦቻቸው ቤት እንደዋሉ ነገሩኝ፤ ቁጥሩ ከመምጣቱ ከአምስት ቀን በፊት ቡድን ላክን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሲስተር ወደ ሥራ ተመለሱ። የመጀመሪያው መልእክታቸው «የተመረመሩ 46፤ የተገኘባቸው 11፤ መኪናው ተሠርቷል» ይላል። ከባድ ቁጥር ነው። ሳነበው ግን ከአራቱ ዜሮዎች ይልቅ እፎይ አልኩ።

አራቱን ዜሮዎች ለማረም ብዙ አስቤያለሁ። በቦታቸው የምጽፈው ቁጥር የለም፤ በእነዚያ ቀናት ማንም አልዞረም፣ ማንም አልመረመረም። ሥራውን ከመልቀቄ በፊት ፈቃድ ጠይቄ አጠፋኋቸው። አሁን የሰባተኛው ረድፍ መስመር ከግራ እየመጣ ይቋረጥና ከአራት ቀን በኋላ ከፍ ብሎ ይቀጥላል። ከእኔ በኋላ ሥራውን የያዘችው ልጅ በሳምንቷ ደውላ «እዚህ ጋ መረጃ ጠፍቷል፣ ልሙላው ወይ?» አለችኝ።

«አትሙይው» አልኳት፤ ስለ ሲስተርም ነገርኳት።